የብርሃን ማጣሪያውና የእኔ ገመዶች

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን 2018

ሦስት ሰዓት ላይ ወርክሾፔን ከፈትኩ። ሁለት ቻርጀር፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ ሬዲዮ። የሬዲዮው ጣቢያ መፈለጊያ ክር ተበጥሷል። በዓሣ ማጥመጃ ክር ቀየርኩት። ባለቤቱ ሽማግሌ ነው፤ ልጁ “ጣለውና ስልክ ላይ ስማ” ብሎታል። የልጁን ስልክ ሠላሳ ዓመት ቆይተን እናየዋለን።

መብራት ከአራት እስከ ሰባት ሰዓት ጠፋ።

ከሰዓት ፅዮን ደወለች። “አባባ፣ ወርክሾፕዎን ለአንድ ወር ላጣብብዎት ነው።” ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ቤተ ሙከራ አላት... ከእኔ ክፍል ምን ፈለገች? “የካምፓሱ አየር በጣም ጸጥ ያለ ነው። ለፈተናው የሚሆነኝ የእናንተ ሰፈር ነው” አለች። ምን አለው ሰፈራችን? “ጩኸት።”

እሺ አልኩ። ልጄ ናት። ምን እንደምትሠራ ግን አራት ዓመት ሙሉ ስታስረዳኝ አልገባኝም። ወይም አልፈለግሁም።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

መጣች። ከጦር ኃይሎች በታክሲ፣ ሣጥኗን ጭኗ ላይ ታቅፋ። ፊቷ ልክ አልነበረም። ታክሲው 18 ማዞሪያ ሊደርስ ሲል ድንገት ፍሬን ይዞ ሣጥኑ ወለል ላይ ወደቀ። “ስፖንጅ አለው፣ ምንም አይሆንም” ትላለች። ለእኔ አልነበረም የምትናገረው፣ ለራሷ ነው።

ከፈተችው። የሬዲዮ ማጣሪያ ነው የምትለው ቺፕ ከትንሽ ጣት ጥፍር ያንሳል።

“ኮይሉ፣ ጥምጥም ሽቦው የታል?”

“የለውም።”

“ኮንደንሰሩስ?”

“የለውም፣ አባባ።”

“ታዲያ በምን ያጣራል?”

“በብርሃን።”

ሳቄ መጣ። አልሳቅሁም። አስረዳችኝ። ከአንቴና የመጣውን የሬዲዮ ሞገድ በሌዘር ብርሃን ላይ ትጭነዋለች። ብርሃኑ ቺፑ ውስጥ ከፀጉር በቀጠነ መንገድ ይሄዳል። መንገዱ ዳር ቀለበቶች አሉ። ቀለበቱ ከልኩ ጋር የገጠመውን ሞገድ ያስቀራል፣ ሌላውን ያሳልፋል። መጨረሻ ላይ ብርሃኑ ተመልሶ ሬዲዮ ይሆናል። ከየቀለበቱ አጠገብ ለዓይን የማትታይ ማሞቂያ አለች፤ ኮምፒውተሩ በፕሮግራም ሲያሞቃትና ሲያቀዘቅዛት ቀለበቱ የሚያስቀረው ሞገድ ይለወጣል። ያው አንድ ቺፕ ዛሬ ይኼን፣ ነገ ያንን ያጣራል። ምንም ሳይፈታ፣ ምንም ሳይበየድ።

“እኔ በእጄ ስጠመጥም የኖርኩትን ነው?”

“እሱን ነው።”



ቺፑ የራሷ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ቤተ ሙከራ ነው ያዋሳት። በታኅሣሥ አጋማሽ ከሪፖርት ጋር ይመለሳል። የዶክትሬት ጥናቷ የቆመው በእሱ ላይ ነው። ከአጥራችን ሁለት መቶ እርምጃ ላይ የኔትወርክ ማማ አለ፤ ቺፑ የሱን የሞገድ ጩኸት ሠላሳ ሺህ ጊዜ አዳክሞ ከካምፓሷ ጣሪያ የምትልካትን ደካማ ምልክት ማሳለፍ አለበት። ካምፓስ ውስጥ በሰው ሠራሽ ጩኸት ሞክራዋለች፣ ሠርቷል። አሁን በእውነተኛው ጩኸት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የቺፑ ሣጥን ንዝረት አይወድም። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ባለ ስክሪኑ መለኪያ እኔ ጠረጴዛ ላይ፣ መስኮቱ ሥር። የእሷ ገመዶች አንድ አንድ ሜትር ናቸው፣ አይደርሱም።

“ጠረጴዛውን ወደ ጥግ ብናስጠጋው...”

“ጠረጴዛው ከ1969 ጀምሮ እዚያው ነው።”

“እንግዲያው ረጅም ገመድ ገዝቼ ልምጣ።”

“በእኔ ቤት ገመድ አይገዛም። እኔ እሠራልሻለሁ።”

ሠራሁ። ሁለት ገመድ፣ እያንዳንዱ አምስት ሜትር። አንዱ ከጣሪያው አንቴና ወደ ቺፑ፣ ሌላው ከቺፑ ወደ መለኪያው። አሠራሬ ያው የዱሮው ነው። የውጭውን ሽፋን እልጣለሁ፣ ውስጡን የከበበውን የሽቦ መረብ ሰብስቤ እንደ ጅራት እገምደዋለሁ፣ ጅራቱን ከጫፉ ብረት ጋር እበይደዋለሁ። ብየዳዬ ያበራል። ከዚያ ሁለቱን ገመዶች ጎን ለጎን አጋድሜ በየአንድ ስንዝሩ በሰም ክር አሰርኳቸው። ግድግዳው ላይ ቀጥ ብለው ሄዱ። የእኔ ሥራ ሲታይ ያስታውቃል።

ማንም አላስተማረኝም ይኼን። ራሴ ነኝ የደረስኩበት።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

አልሠራም። ደካማዋ ምልክት መጣች፤ የማማው ጩኸት ግን አብሯት አለ። ሠላሳ ሺህ ጊዜ መዳከም የነበረበት ሦስት መቶ ጊዜ ብቻ ነው የተዳከመው። ፅዮን ማሞቂያዎቹን በኮምፒውተር ስትነካካ ዋለች። የጩኸቱ መስመር ስክሪኑ ላይ ንቅንቅ አላለም።

ኮይል ቢሆን መሐሉ ያለውን ብረት፣ ፌራይቱን፣ በካቻቢቴ ዞር አድርጌ በጨረስኩት ነበር።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

የሰፈሩ ሰው ጠዋት ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ኅዳር ሲታጠን ጭሱ በር አያንኳኳም። ፅዮን እየሮጠች ሣጥኑን በፕላስቲክ ሸፈነችው፣ በሩ ሥር ጨርቅ ወተፈች። እኔም አገዝኳት። ስንጨርስ ሁለታችንም እያሳለን ትንሽ ሳቅን።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

“አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ገመዶቹን ለሙከራ ብቀይራቸውስ?”

“ምን ሆኑ?”

“ምንም። ካምፓስ ሲሠራ የነበረ እዚህ እንቢ ካለ፣ የተለወጠውን አንድ በአንድ ማየት አለብኝ። የተለወጡት ገመዶቹ ናቸው፣ ሌላው ደግሞ...” አልጨረሰችውም። ታክሲውን ማለቷ ነው።

“ሃምሳ ዓመት ገመድ ስሠራ አንድ ሰው ይዞብኝ አልተመለሰም። የሰው እጅ ከመጠርጠርሽ በፊት ያንን ጥፍር የሚያክል ነገር ጠርጥሪ።”

“አልጠረጠርኩም፣ አባባ። ላረጋግጥ ብዬ ነው።”

“ማረጋገጥ ሌላ መጠርጠር ሌላ ነው?”

ጎንበስ ብላ ጨርቁን በሩ ሥር እንደገና ወተፈች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ተማሪዎች አሏት፣ እኔ ፊት ግን ዝም ትላለች። ያሳደግኋት እንደዚያ ነው። ገመዶቹ አልተነኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ያው ሦስት መቶ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ሀያቱ መጣ። አጠገባችን አምፖልና ገመድ የሚሸጠው። ሥራ ሲቀዘቅዝበት እኔን ሊያበሽቅ ይመጣል።

“ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሬዲዮ በብርሃን ሆነ የሚባለው እውነት ነው እንዴ?”

“ጠይቃት።”

“እውነት ከሆነማ እኔ አምፖል ሻጩ ዶክተር ነኝ።”

ፅዮን ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ሰንብቻለሁ። ሀያቱ ግድግዳው ላይ ያሉትን ገመዶች ጎንበስ ብሎ አየ። ጅራቱን በጣቱ ነካ።

“ጋሼ፣ ይኼን አሁንም እንዲህ ይሠሩታል? ዲሽ የሚተክሉት ልጆች እኮ ትተውታል። መረቡ ዙሪያውን ካልያዘ ያፈሳል ይላሉ።”

“የዲሽ ልጆች እኔን ሊያስተምሩ?”

“እኔ ምን አውቄ፣ የሰማሁትን ነው። ይቅርታ ያርጉልኝ።” እየሳቀ ሄደ። ፅዮን ወደ እኔ አላየችም። ወደ ገመዱም አላየችም። አውቃ ነው?

ረቡዕ፣ ኅዳር 24

አማካሪዋ ዶክተር ዳኛቸው መጥቶ አየው። ለስላሳ ሰው ነው። ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ባለቤቴ ብርቅዬ ከለከለችው። አንድ ሰዓት ያህል አየና “ፅዮን፣ ካምፓስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነው መውደቁ ነው። ውስጡ ተጎድቶ ይሆናል” አለ።

“ገመዶቹስ?” ብሎም ጠየቀ።

እሷ ወደ እኔ አየች። እኔ “ገመዶቹ ደህና ናቸው” አልኩ። እሷም “ደህና ናቸው” አለች።

እሱ ሲወጣ “ከመጀመሪያውም ብያለሁ፣ ያ ነገር የሚታመን አይደለም” አልኩ። ለማን እንደምናገር እንኳ አላየሁም። ፅዮን ስክሪኑ ፊት ቆማ ነበር። “አባባ፣ የሚታመን ነበር። የጣልኩት እኔ ነኝ” አለች።

ምን ይባላል ለዚህ? ወደ ሬዲዮዬ ተመለስኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 28

ለቤተ ሙከራው የምትልከውን ደብዳቤ ረቂቅ ጠረጴዛዬ ላይ ትታ ሄደች። እንግሊዝኛዬ ከሬዲዮ መጽሐፍ የተለቀመ ቢሆንም አነበብኩት። ቺፑ በጉዞ ላይ ወድቆ ተጎድቷል፣ ጥፋቱ የእኔ የጥንቃቄ ጉድለት ነው፣ ሙከራውን አቋርጫለሁ ይላል። ታኅሣሥ 7 ይላካል።

ከተላከ ሌላ ቺፕ አያውሷትም። ማንንም አያውሱም ከዚያ ካምፓስ። አራት ዓመቷ እዚያ ላይ ያልቃል።

በጣም አዘንኩ። ተናደድኩም። በማን? በታክሲው ሹፌር።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

ዛሬ የሆነውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ፅዮን ካምፓስ ናት። ማጣሪያው እንደበራ ነው፤ ሌዘሩ አንዴ ከጠፋ ሙቀቱ እስኪረጋጋ ግማሽ ቀን ይፈጃል ብላ መብራት ቢጠፋም በሚያቆየው ባትሪ ሳጥን ታኖረዋለች፣ ማንም እንዳይነካው ብላ አስጠንቅቃለች። አምስት ሰዓት ገደማ ጓዳ ሆኜ ከወርክሾፑ የባትሪው ሳጥን ሲጮህ ሰማሁ። ሮጥኩ። ብርቅዬ ካውያ ይዛ ቆማለች። ነገ ባዕታ ስለሆነች ነጠላዋን ልትተኩስ የሌዘሩን ሶኬት ከባትሪው ሳጥን ነቅላ ካውያዋን እዚያ ሰክታለች።

“አንቺ ሴትዮ፣ ምን አደረግሽ?”

“ሶኬት ፈልጌ ነው። ምን ሆነ?”

“የልጅሽን ሥራ አጠፋሽው።”

ፊቷ ነጣ። እኔ መልሼ ልሰካ እያጎነበስኩ ወደ መለኪያው ዞር አልኩ። የሚቀረው ባዶ ስክሪን መሆን ነበረበት። ሌዘሩ ጠፍቷል። ቺፑ ውስጥ ብርሃን የለም። ብርሃን ከሌለ የሚያልፍ ሬዲዮ የለም።

ደካማዋ ምልክት ጠፍታለች። ትክክል።

የማማው ጩኸት ግን አለ። እዚያው ቦታ። በዚያው ከፍታ።

ቆምኩ። በቺፑ ካልመጣ በምን መጣ? ለአርባ ዓመት ለሰው የምለው ነገር ነው፦ አንቴናውን ንቀልና ስማ፣ ጩኸቱ ካለ በሌላ በር ነው የገባው። እጄን ዘርግቼ ግድግዳው ላይ የታሰሩትን ገመዶች ጨበጥኩ። መስመሩ ዘለለ። ለቀቅሁ፣ ወረደ። ጅራቱን በጣቶቼ ሸፈንኩ፣ ቀነሰ። ለቀቅሁ፣ ተመለሰ።

ከመግቢያው ገመድ እየፈሰሰ፣ ጎኑ ወደ ታሰረው መውጫ ገመድ እየገባ... ቺፑን ሳይነካ። ለዱሮ ሬዲዮ ያ ጅራት ምንም አይልም። ለዚህ ሞገድ ግን ጅራቱ ራሱ አንቴና ነው። ሁለት አንቴና ሠርቼ አፍ ለአፍ አሰርኳቸው። በሰም ክር። በየስንዝሩ።

ሌዘሩን መልሼ ሰካሁ። ብርቅዬ “ተበላሸ?” አለች። “ሂጂ ተኩሺ” አልኳት። ስለ ገመዱ አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 3

ብርቅዬ ባዕታን ልትሳለም ወጣች። እኔ ብቻዬን ነኝ።

አዲስ ገመድ ልሠራ ሞከርኩ፣ ጅራት የሌለው፣ መረቡ ዙሪያውን የሚይዝ። የጫፏ ብረት ከስንዴ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ሦስት አቃጠልኩ።  ተናድጄ ነው እንጂ አርጅቼ አይደለም።

ከዚያ ሌላ አደረግሁ። ክሩን በጠስኩና ሁለቱን ገመዶች አራራቅኋቸው፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች። ጩኸቱ ወረደ። ሁለት ሺህ ጊዜ ያህል። ሠላሳ ሺህ አይደለም፣ ግን ወረደ። ነገ ስትመጣ ታየዋለች፣ ተስፋ ታደርጋለች፣ ደብዳቤውን ትተዋለች። ማንም ምንም መናገር አያስፈልገውም።

እንደዚህ ብዬ አሰብኩ። የሰባ አራት ዓመት ሰው።

ነገሬ የሚባለው የዱሮ ረዳቴ ትዝ አለኝ። አብሮኝ የሠራ ብርቱ ልጅ። የአንድ ደንበኛ ትራንስፎርመር አቃጠልክ ብዬ አባረርኩት። ከሳምንት በኋላ ያቃጠልኩት እኔ እንደሆንኩ አወቅሁ። ኮልፌ ገበያ ውስጥ አግኝቼው ሰላም ተባባልን። ያን ቀን መናገር እችል ነበር። ስለ ዝናቡ አወራን።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

መጣች። ስክሪኑን አየች። ለረጅም ጊዜ አየች።

“አባባ፣ ነክተውታል?”

“አልነካሁም።”

“ገመዶቹ ተፈተዋል።”

“ክሩ አርጅቶ ነው።”

ጻፍኩት። እንዲህ ብዬ ዋሸሁ። የአንድ ወር ክር አርጅቶ።

ብርቅዬ ከኋላ “እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ ልጄ፣ ሐሙስ ዕለት... ለካውያ ብዬ” አለች። ፅዮን ዞረች። አልተቆጣችም። ኮምፒውተሯን ከፍታ ሰዓቱን አየች፣ “አዎ፣ አምስት ሰዓት ላይ ጠፍቷል” አለች። አሰበች። ከዚያ ደብዳቤዋን አውጥታ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረች። ምን ጻፍሽ አልኳት።

“ሌዘሩ ጠፍቶ ሲበራ ውጤቱ ተለወጠ። ያልተጎዳ ቺፕ እንደዚህ አይለዋወጥም። አሁን እርግጠኛ ነኝ መበላሸቱን።”

ተስፋ ይሰጣታል ያልኩት ሁለት ሺህ ማስረጃ ሆነባት። ነገሩን በእጄ አባባስኩት።

“እኔ ነኝ የባሰ ያበላሸሁብሽ?” አለች ብርቅዬ።

“አይ እማዬ። ቀድሞ በእኔ ነው የተበላሸው።”

ሁለቱም ቆመው አንዷ ለሌላዋ ጥፋቱን ይሻማሉ። እኔ መሐል ቆሜ ካቻቢቴ አጸዳለሁ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 5

ብርቅዬ ከቤተ ክርስቲያን መጥታ ምሳ አልበላችም። “አንድ ሶኬት አላይም እንዴ፣ ዓይኔ ምን ነክቶት ነው” ትላለች። ደጋግማ። ተይው አልኳት። “እንዴት ልተወው? አራት ዓመት የለፋችበትን በካውያ።”

“አንቺ አይደለሽም።”

“ታዲያ ማነው?”

ጋዜጣ አነሳሁ። አርባ አራት ዓመት አብራኝ ኖራለች። በጋዜጣው አናት ላይ እያየችኝ ቆየች።

“ወንድይፍራው።”

“አቤት።”

“ምን ታውቃለህ?”

“ምንም።”

“ምንም የማያውቅ ሰው ጋዜጣ ዘቅዝቆ አይዝም።”

ዘቅዝቄ አልያዝኩትም ነበር። ግን አየሁት፣ ለማረጋገጥ። እሷም አየችኝ ሳየው። ተነሥታ ሄደች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6

ፅዮን ደብዳቤውን አትማ አመጣች። ነገ ጠዋት ዳኛቸው ይፈርምበታል። ዕቃዋን ልትጠቀልል ነው የመጣችው።

“ቆዪ። መጀመሪያ ሌዘሩን አጥፊው” አልኳት።

“ለምን? ግማሽ ቀን...”

“ልትጠቀልይው አይደለም? አጥፊው አልኩሽ።”

አጠፋችው። “መለኪያውን እዪ” አልኩ። አየች። ልክ እኔ ሐሙስ የሆንኩትን ሆነች፤ አንገቷ ሳይንቀሳቀስ ዓይኖቿ ብቻ ከሣጥኑ ወደ ስክሪኑ፣ ከስክሪኑ ወደ ሣጥኑ። ገመዶቹን እንደገና አጠጋጋሁ። መስመሩ ወጣ። አራራቅሁ። ወረደ። ጅራቱን በእጄ ሸፈንኩ። ወረደ።

“ቺፕሽ ደህና ነው። ገመዴ ነው የሚያፈሰው።”

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ወለሉን አየች። ከዚያ፦

“መቼ አወቁ?”

ገመዱን ከእጄ ለቀቅሁ።

“አባባ። መቼ አወቁ?”

“ሐሙስ።”

“ቅዳሜ ስጠይቅዎትስ?”

“አውቅ ነበር።”

“እማዬ ሁለት ቀን ምግብ አልቀመሰችም።”

“አውቃለሁ።”

“እኔ እኮ ታክሲው ላይ ለምን ወንበር ሥር አላስቀመጥኩትም እያልኩ ነው የከረምኩት። አንድ ወር። ገመዱን ልቀይር ስልዎት...” ተነሣች። ድምፅዋ አልጨመረም። ቢጨምር ይሻለኝ ነበር። “ሥራዎን መጠራጠሬን ጠሉት። እኔ ራሴን ስጠራጠር ግን ዝም አሉ።”

ደብዳቤውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሣጥኑን እዚያው ትታ ወጣች። ብርቅዬ በሩ ላይ ነበረች፣ ሁሉንም ሰምታለች።  ጓዳ ገብታ ቁጭ ብላ ስትበላ ሰማኋት።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

አልመጣችም። ደብዳቤው ተልኮ ይሆን? መጠየቅ አልቻልኩም። ስልኩን ሦስት ጊዜ አንስቼ አስቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ብርቅዬ ጠይቃልኛለች። አልተላከም። ዳኛቸውም የጊዜ ማራዘሚያ ሳያስፈልግ ይደርሳል ብሏል፣ ቶሎ ከተለካ።

ሀያቱ ጋ ሄጄ አንድ ነገር ነገርኩት። “የዲሽ ልጆቹ ልክ ናቸው።” የሚያበሽቅ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ፊቴን አየና ዘጋው። “ይቀመጡ ጋሼ” አለ። አልተቀመጥኩም።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 11

መጣች። “እንደምን አደሩ” አለች፤ ሌላ ነገር የለም። ከካምፓስ ሁለት የፋብሪካ ገመድ ተውሳለች፣ ሁለት ሜትር የሚሆኑ። አሁንም አይደርሱም። እየለካች ሳለ ጠረጴዛዬን ከአንዱ ጫፍ ይዤ ሳብኩ። ከባድ ነው። ወለሉ ላይ ቆዳ የመሰለ ጥቁር ምልክት ትቶ ተነሣ። መጥታ ሌላኛውን ጫፍ ያዘች። ጥግ አደረስነው።

ሌዘሩ እስኪረጋጋ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን።  በመጀመሪያ አጥፍታ ለካች፤ ባዶ። ከዚያ አበራች። ደካማዋ ምልክት መጣች፤ የማማው ጩኸት ከስክሪኑ ግርጌ ወርዶ ሣር ውስጥ እንደገባ እባብ ጠፋ። ሠላሳ አራት ሺህ ጊዜ።

ፕሮግራሙን ቀየረች። ቀለበቶቹ ሌላ ሞገድ ያዙ። መልሳ ቀየረች። ሦስተኛ። አንድ ነገር ሳይፈታ። በኮይል ይኼን ለማድረግ ሦስት ቀን ይፈጅብኛል፣ እንዲህም አይወርድልኝም።

“ይኼ ጥሩ ሥራ ነው” አልኩ።

“ምን አሉ?”

“ሰምተሻል።”

አልሳቀችም። ግን አንዱን የፋብሪካ ገመድ አንስታ ጫፉን አሳየችኝ፣ መረቡ እንዴት ዙሪያውን እንደተያዘ። አንዱን ልሥራ አልኩ። ሠራሁ። በማጉያ መነጽር አየችና “አይሆንም፣ አንድ ፈትል አምልጧል” አለች። እንደገና ሠራሁ። “አይሆንም።” እንደገና። ለሰው እንዲህ የምለው እኔ ነበርኩ።

አራተኛውን አየችና መልሳ አልሰጠችኝም። ከዕቃዎቿ ጋር አስቀመጠችው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ሪፖርቱን አመጣችው። ነገ ከቺፑ ጋር ይሄዳል። ያንብቡት አለችኝ። ጠዋቱን ሙሉ አነበብኩ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ የመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ልኬት የተሳሳተ መሆኑ፣ ምክንያቱም ቺፑ ሳይሆን የመግቢያና የመውጫ ገመዶቹ እንደሆኑ ተጽፏል። “በአንድ የአካባቢ ባለሙያ የተሠሩ” ይላል።

“ይኼ አንድ ባለሙያ ማነው?”

“አባባ፣ ስም አያስፈልገውም።”

“ቺፑን የሠሩት ስማቸው አለ። ዳኛቸው አለ። ገመድ ያዋሰሽ ልጅ እንኳ አለ።”

“እሱ ምስጋና ነው። ይኼ ግን...”

“ይኼ ምንድን ነው?”

ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈች።

“ጻፊ።”

ጻፈች። ወንድይፍራው ፍቅረማርያም፣ የሬዲዮ ጥገና፣ ኮልፌ። ስሜ በዩኒቨርሲቲ ወረቀት ላይ ሲጻፍ የመጀመሪያው ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይቀመጥ አልኳት።

ኮምፒውተሩን ልትዘጋ ስትል “ሌላ የሚጨመር አለ?” አለች።

“ሐሙስ አውቆ ሰኞ መናገሩን ጨምሪ።”

አየችኝ። ከሰኞ ወዲህ እንዲህ ቀጥ ብላ አይታኝ አታውቅም። “እሱ ሪፖርት ላይ አይገባም፣ አባባ” አለች። ቀስ ብላ።

እዚያ ካልገባ እዚህ ይግባ። ሐሙስ አወቅሁ። ሰኞ ተናገርኩ። በመካከሉ አራት ቀን አለ፣ የእኔ ነው።